«አቁም» የማለት ሥልጣን፦ ስለ ዒላማ ተኩስ ክበባት ደንብና ሥነ ምግባር የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእሴ ለሕግ ፋኩልቲ አዳራሽ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ዒላማ ተኩስ ክበብ ነው፤ አባላት መዋጮ እየከፈሉ በሚያስተዳድሩት ሜዳ ጠመንጃ ይዘው ስለሚገቡበት፣ ወረቀት ላይ ተኩሰው ወደየቤታቸው ስለሚመለሱበት ሥፍራ። የመረጥሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ፖሊስ አይቆምም፤ ዳኛ አይሰየምም፤ የሚገድል መሣሪያ ግን በእያንዳንዱ እጅ አለ። ሰዎች በመካከላቸው ያወጡት ደንብ ያለ ኃይል እንዴት ጸንቶ እንደሚቆም ለሚመረምር ሰው ይህ ጥሩ የጥናት ሜዳ ነው። የእኔም አስተያየት አንድ ነው፦ የክበቡ ደንቦች ሁሉ የተንጠለጠሉት በአንዲት ሥልጣን ላይ ነው። ይህችም ማንም ሰው፣ ትናንት የተመዘገበ ጀማሪ እንኳ ቢሆን፣ ተኩሱን ሁሉ በአንድ ቃል የማስቆም ሥልጣን ናት።

ምሳሌዬን ከእንግሊዝ ወስጃለሁ፤ የክበቡ ልማድ ረጅም ታሪክ ያለው በዚያ ነውና። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። የመጀመሪያው ጉባኤው በቀጣዩ ዓመት በዊምብልደን ሲከፈት የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰችው ንግሥት ቪክቶሪያ ነበረች። ጠመንጃውን ግን በ400 ያርድ ርቀት፣ ማለትም በ366 ሜትር ገደማ፣ በብረት መደገፊያ ላይ አስሮ ያነጣጠረው መሐንዲሱ ጆሴፍ ዊትወርዝ ነበር። ንግሥቲቱ ገመድ ሳበች፤ ጥይቱም ከዒላማው እምብርት አጠገብ አረፈ። (የንግሥና ተኩስ እንዲህ ነው፤ አነጣጣሪው ሌላ፣ ተመስጋኙ ሌላ።) ከተማው እየሰፋ ዊምብልደንን ሲከብበው ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1890 በሰሪ አውራጃ ወደሚገኘው ወደ ቢዝሊ ተዛወረ። እስከ ዛሬም ያለው በዚያው ነው። ከሜዳዎቹ አንዱ እስከ 1,200 ያርድ ድረስ ያስተኩሳል።

አሁን ወደ ደንቡ ልግባ። ዛሬ በብዙ አገር የሚጠቀሱትን አራት ሕጎች በዚህ መልክ ያሰባሰባቸውና ያስፋፋቸው አሜሪካዊው የተኩስ መምህር ጄፍ ኩፐር ነው። ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዝ ልታጠፋው ወደማትፈቅደው ነገር አይዙር፤ ማነጣጠሪያህ ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጣትህ ከምላጩ ይራቅ፤ ዒላማህንና ከዒላማው ጀርባ ያለውን እወቅ። የሕጎቹ ብልሃት እርስ በርስ መደራረባቸው ነው። ሰው አንዱን ቢዘነጋ ሌላው ይይዘዋል። ጥይት መኖሩን የረሳ ሰው አፈሙዙን ወደ አፈሩ ግድብ አዙሮ ከያዘ የሚጎዳው ግድቡን ብቻ ነው። ሰው እንዲሞት በአንድ ቅጽበት ቢያንስ ሁለት ሕግ መሰበር አለበት።

የአፈሙዙ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚጠብቅ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ስሌት ልጨምር። አፈሙዝ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዘነበል ጥይቱ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ከአምስት ሜትር በላይ ይስታል። በ100 ሜትር ርቀት ያለ ቁመቱ አምስት ሜትር የሆነ የአፈር ግድብ አፈሙዙ ከአግድም በሦስት ዲግሪ ከፍ ሲል ይዘለላል። ሦስት ዲግሪ ማለት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲል ትከሻው ሳያውቀው የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ በተኩስ መስመር ላይ ወሬ መከልከሉ የትሕትና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጂኦሜትሪ ጉዳይም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኛ «ጠመንጃው ባረቀበት» እንላለን። ግሡን ልብ በሉ፦ ባራቂው ጠመንጃው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ነገሩ የደረሰበት ምስኪን ነው። በሰዋስው ደረጃ ጥፋተኛው ብረቱ ሆኖ ይቀራል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ክበባትም ለረጅም ጊዜ «ድንገተኛ ተኩስ» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ያንን ትተው «የቸልተኝነት ተኩስ» ማለትን መርጠዋል። ለሕግ ተማሪ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ድንገተኛ የሆነ ነገር ባለቤት የለውም፤ ቸልተኝነት ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ነገር ደግሞ ሊታረም ይችላል። መሣሪያው ተሰብሮ ራሱ የሚተኩስበት አጋጣሚ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ምላጩ በጣት ተነክቶ የተተኮሰውን ሁሉ «ባረቀ» ስንል ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት እንዘጋዋለን።

በመስመሩ ላይ ያለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሜዳው ሥራ ላይ ሲሆን ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። ተኩሱን የሚመራው ሹም ካላዘዘ በቀር ማንም ጥይት አያጎርስም። ተኩስ ሲያበቃ ተኳሹ ካርታውን ያወጣል፤ መዝጊያውን ይከፍታል፤ ባዶ መሆኑን በዓይኑና በጣቱ ያረጋግጣል፤ ከዚያም ለሌላ ሰው ያሳያል። በብዙ ክበባት ደማቅ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ምልክት በጥይት መጉረሻው ውስጥ ይሰካል፤ ይህ ምልክት ያለበት ጠመንጃ ሊተኮስ እንደማይችል ከሩቅ የቆመም ሰው ያያል። ሰው ወደ ዒላማው ሲሄድ ከኋላ የቀረው ሁሉ ከመሣሪያው ይርቃል፤ መወልወል እንኳ አይፈቀድለትም። ጥይት ሲከሽፍ መዝጊያውን ወዲያው አይከፍትም፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞረ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ጆሮውን ይሸፍናል፤ ዓይኑን በመነጽር ይጠብቃል፤ ሲጨርስም እጁን ሳይታጠብ ምግብ አይነካም፤ በጥይቱ ውስጥ እርሳስ አለና።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚስበኝ «ለሌላ ሰው ያሳያል» የሚለው ነው። የአርባ ዓመት ልምድ ያለው አልሞ ተኳሽ ባዶውን ጠመንጃ ለሃያ ዓመት ወጣት ያሳያል፤ ወጣቱም አጎንብሶ ያያል፤ «ባዶ ነው» ይላል። ማንም አልተሰደበም። በቢዝሊ የረጅም ርቀት ውድድር ደግሞ ከዚህም የሚገርም ልማድ አለ፦ ሁለት ወይም ሦስት ተኳሾች በአንድ ዒላማ ላይ ተራ በተራ ይተኩሳሉ፤ የአንዱን ነጥብ የሚመዘግበው ሌላው ተወዳዳሪ ነው። ተቀናቃኝህ መዝገብ ያዥህ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ማርጆሪ ፎስተር የተባለች ሴት የንጉሡን ሽልማት ከሴቶች መጀመሪያ ሆና አሸንፋለች፤ ወረቀት ላይ ያለ ቀዳዳ የተኳሹን ማዕረግም ሆነ ጾታ አይናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። የተኩስ ትእዛዝ መስጠት የሹሙ ሥልጣን ብቻ ነው። «ጀምር» ማለት የሚችለው አንድ ሰው ነው። «አቁም» ማለት ግን የሁሉም ነው። አደጋ ያየ፣ ወይም ያየ የመሰለው፣ አባልም ይሁን እንግዳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቁም!» ሲል መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ጣት ከምላጭ ይነሣል። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው የሚመጣው መሣሪያዎቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ ነው። ጥሪው ስሕተት ሆኖ ቢገኝስ? ጥላ አይቶ ሰው መስሎት ቢሆንስ? አይቀጣም፤ አይሳቅበትም። የሥርዓቱ ሚዛን እዚህ ላይ ነው፦ ያለ ምክንያት የማቆም ዋጋው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በይሉኝታ ዝም የማለት ዋጋው ግን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዋጋዎች የማይመጣጠኑ ስለሆኑ ደንቡ ሆን ብሎ ወደ አንዱ ያዘነብላል። በሕግ ቋንቋ ብንናገር ማዘዝ በውክልና የተሰጠ ሥልጣን ሲሆን ማስቆም ግን ከመገኘት ብቻ የሚመነጭ መብት ነው። ግዴታም ነው፤ አይቶ ዝም ያለ ሰው ራሱ ደንብ እንደጣሰ ይቆጠራልና።

ይህ ሥልጣን በሌለበት ቦታ የሚሆነውን ከሌላ ሙያ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት ይንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣት አለመውጣቱን ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም አልደገመም። ያ ሰው ጥርጣሬ ነበረው፤ የጎደለው ማስቆሚያ ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ የአቪዬሽን ሥልጠና የበታች ባለሙያ ሥጋቱን ለአለቃው በግልጽ እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲሰማ ማስተማርን ዐቢይ ጉዳይ አድርጎታል። የተኩስ ክበቡ ግን በቁጣ ለሚሞቅ አለቃም፣ በፍርሃት ለሚሰንፍ ታናሽም ቦታ ላለመተው ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሶታል።

ሥነ ምግባር የምንለው ነገር ሥራውም ይኸው ይመስለኛል። በክበቡ ውስጥ የሰው ጠመንጃ ሳይፈቀድ አይነካም። የሚያነጣጥር ሰው አይናገሩትም። የወደቀ ቀለህ ለመልቀም መስመር አይታለፍም። ይህ ሁሉ ተራ ጨዋነት ይመስላል፤ በጥልቀት ሲታይ ግን «አቁም» የሚለውን ቃል የሚሸከም መሠረት ነው። ሰዎች በየቀኑ በትንሽ ነገር መከባበራቸው ካልታየ ትልቁ ቃል በተነገረ ጊዜ እንደ ስድብ ይሰማል። እርማቱም መልክ አለው፦ አደጋው ከቆመ በኋላ የተሳሳተው ሰው ወደ ጎን ተጠርቶ በዝቅተኛ ድምፅ ይነገረዋል። የታረመውም «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ክርክር ካለው በሻይ ሰዓት ያነሣዋል። በአደባባይ የሚያዋርድ አራሚ ክበቡን ይጎዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አደጋ ያየው ጀማሪ እርሱን አስታውሶ ዝም ይላልና።

ይህን ሁሉ ካደነቅሁ በኋላ ወሰኑን ባልናገር ሐሰተኛ ምስክር እሆናለሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህርታቸውን ገደለ። ሽጉጦቹን የያዘው በሕጋዊ ፈቃድ ነበር፤ የተኩስ ክበብ አባልም ሆኖ ያውቃል። የአፈሙዝ ደንብ የአፈሙዙን አቅጣጫ ይጠብቃል፤ የያዘውን ሰው ልብ ግን አያይም። በተከታዩ ዓመት የወጡት ሕጎች በታላቋ ብሪታንያ ሽጉጥን በአብዛኛው ከግል ይዞታ አወጡ። ዛሬ በዚያ አገር ዕውቅና ያለው ክበብ አዲስ አባልን ሙሉ አባል ከማድረጉ በፊት ቢያንስ ለሦስት ወር በሙከራ ጊዜ ያቆየዋል፤ በሜዳው መታየት ያቆመውንም አባል ለፖሊስ ያሳውቃል። አንዳንድ የክበብ ሰዎች ይህን እንደ ጫና ያዩታል። እኔ ግን የዚያው የ«አቁም» ሥልጣን ከተኩስ መስመሩ ወደ መዝገብ ቤቱ መሸጋገር ነው እላለሁ። ያየ ሰው ይናገር፤ ንግግሩም ስም ማጥፋት ሆኖ አይቆጠርበት።

ወደ አገራችን ስመለስ የማነሣው ክበብን ሳይሆን ሠርግንና ለቅሶን ነው። በብዙ አካባቢ የክብር ተኩስ ወደ ሰማይ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ሰማይ ግን የአፈር ግድብ የለውም፤ የወጣው ጥይት ሁሉ የሆነ ቦታ ይወርዳል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን፣ ይዞታንና ቅጣትን የሚመለከት ሕግ ነው፤ አስፈላጊነቱም አያጠያይቅም። አዋጁ ሊደርስ የማይችልበት ቦታ ግን አለ። ይኸውም በዳሱ ሥር፣ ሞቅ ያለው የሙሽራው አጎት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጋደደ አፈሙዙ ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ሲዞር፣ ከጎኑ የቆመው የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የሚያልፍባት ቅጽበት ናት። ወጣቱ አይቷል። «ጋሼ፣ አፈሙዙን» ለማለት አፉን ይከፍታል፤ ይሉኝታም ይዘጋዋል።

ከእናንተ መካከል የልማድ ሕግን ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠ ተማሪ ካለ አንድ ሥራ ልስጠው። በሽምግልና፣ በዕድር፣ በማኅበር ውስጥ ታናሽ ታላቁን ሳያዋርድ የሚያስቆምባቸው ቃላትና ምልክቶች አሉን፤ በትከሻ መንካት፣ በእግዜር ስም መለመን፣ ነጠላ አንጥፎ በተቆጣ ሰው ፊት መውደቅን የመሰሉ። ከእነዚህ ውስጥ መሣሪያ በያዘ እጅ ፊት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራው የትኛው ነው? ማን ይናገረዋል? የታዘዘው ሰው በማግሥቱ ለተናጋሪው ምን ይለዋል? ወደየትውልድ ስፍራችሁ ስትሄዱ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ አምጡልኝ።

ጥያቄዎቻችሁን ከኋላ ወንበር ጀምሬ እቀበላለሁ።