ኪራይ ያለፈበት ተከራይና የአከራይ ሐቅ



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን በአደባባይ ብዙም የማይነገር ጉዳይ ነው። ወሩ ሲሞላ አንዱ በር ያንኳኳል፤ ሌላው በሩን ከፍቶ ምን እንደሚል ይጨነቃል። ይህን ርዕስ እንድናነሳ ምክንያት የሆኑን አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው አንድ ቤትና ከጓሮ የተሠሩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ናቸው። የሚኖሩት በእነዚህ ክፍሎች ኪራይ ነው። ከተከራዮቻቸው አንዱ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኑን ሳያሳልፍ ከፍሏል። ከዚያ ታመመ፣ ሥራው ቀዘቀዘ፣ ሦስት ወርም ሳይከፍል ቀረ። በወር 3,000 ብር ሒሳብ 9,000 ብር መሆኑ ነው። የእኚህ እናት ልጅ፣ የመብራቱ ቆጣሪ በእነሱ ቤት ስለሆነ እንቁረጥበት፣ ባለፈው ወር ሁሉ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ 500 ብር ቅጣት እንጨምርበት አለ። እናቲቱ የነገሩን ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጃቸውን ቢሰሙ አላህን ይፈራሉ፤ ባይሰሙ ደግሞ ለቤታቸው አስቤዛ የላቸውም።

ይህን ጉዳይ ስናነብ እኛው ራሳችን ተከራከርን። በመካከላችን አከራይም ተከራይም አለ። አከራዮቹ ለእናቲቱ፣ ተከራዮቹ ለልብስ ሰፊው ተሟገቱ። ቆየት ብለን ስናስተውል ግን ሁላችንም ስንናገር የነበረው ከኪሳችን እንጂ ከዲናችን አልነበረም። ስለዚህ ወደ ዑለሞቻችን ሄድን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ያለፈ ኪራይ ዕዳ ነው። አንዳንድ ሰው "ቤት ያለው ሰው ምን ይጎድልበታል?" ይላል። ተከራዩ ግን በዚያ ወር በቤቱ ተኝቶበታል፣ ልጆቹን አሳድጎበታል፤ ጥቅሙን አግኝቷል። የተጠቀመበትን ሊከፍል ይገባል። አከራይ ገንዘቡን ሲጠይቅ ምጽዋት እየለመነ አይደለም፤ ጨካኝም አያሰኘውም። ጓሮ ያሉ ሦስት ክፍሎች ደግሞ ሁልጊዜ የሀብታም ምልክት አይደሉም። ለብዙ ባልቴቶችና ጡረተኞች ያቺ ኪራይ የዘይትና የጤፍ ገንዘብ ናት።

በኢማም አል-ቡኻሪና በኢማም ሙስሊም ሐዲስ ስብስቦች ውስጥ የተዘገበ አንድ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ መማሪያ ሆኖ አግኝተነዋል። ሶሐባው ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) አብደላህ ኢብኑ አቢ ሐድረድ የሚባል ሌላ ሶሐባ ዕዳ ነበረበት። በመስጂድ ውስጥ ሲገናኙ ከዕብ ገንዘቡን ጠየቀው፤ ነገሩ ወደ ክርክር ሄደና ድምፃቸው ከፍ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ከመስጂዱ ጋር የተያያዘ ስለነበር ሰሙት። የክፍላቸውን መጋረጃ ገልጠው ከዕብን ተጣሩ፣ ከዕዳው ግማሹን እንዲተውለትም በእጃቸው አመለከቱት። ከዕብ ወዲያው እሺ አለ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ባለዕዳው ዞረው ተነስቶ የቀረውን እንዲከፍል አዘዙት።

ይህን ታሪክ አከራይ ሲያወራው መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ተከራይ ሲያወራው ደግሞ ግማሹ በተተወበት ቦታ ላይ ያቆማል። ታሪኩ ግን አንድ ነው። ከዕብ ለምን ጠየቅህ ተብሎ አልተወቀሰም። አብደላህም ስለተማረለት ብቻ ከዕዳው አልተሰናበተም፤ የቀረውን ተነስቶ ክፈል ተባለ። ደግሞም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) "በመስጂድ ውስጥ አትጩኹ" ብለው ሁለቱን አባርረው ነገሩን መጨረስ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን መጋረጃውን ገልጠው በመካከላቸው ገቡ። እኛ ጎረቤቶች ከግቢው ውስጥ ጭቅጭቅ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምናደርገው መስኮት መዝጋት ነው።

ወደ ተከራዩ ሁኔታ ስንመጣ፣ ዲናችን ባለዕዳን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በችግር ላይ ያለ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዘዘ ሲሆን፣ ዕዳውን ሰደቃ አድርጎ መተው ደግሞ የተሻለ መሆኑን ነግሮናል። በሌላ በኩል በሐዲስ፣ መክፈል የሚችል ሰው ማዘግየቱ በደል መሆኑ ተነግሯል። እንግዲህ ያጣ ሰው አለ፣ እያለው የሚያጓትት ሰው አለ። የመጀመሪያውን ማስጨነቅ አይፈቀድም። ሁለተኛውን ግን በሽማግሌ ማስመከር፣ ካልሆነም በዳኛ ፊት ማቆም የአከራዩ መብት ነው።

ታዲያ የትኛው መሆኑን በምን እናውቃለን? በጥርጣሬ አይደለም፤ በመሰለልም አይደለም። ተቀምጦ በመጠየቅ ነው። እኚህ እናት ለሦስት ወር ከተከራያቸው ጋር የተነጋገሩት በር ላይ ቆመው ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ አስቀምጠው "ልጄ፣ ምን ገጠመህ?" ብለው አልጠየቁትም። እሱም ስላፈረ አልነገራቸውም። በሽታው የጀርባ እንደሆነና መኪናው ላይ መቀመጥ እንዳቃተው ያወቁት ከሌላ ሰው ነው። (መኪና ስንል የስፌት መኪናውን ማለታችን ነው፤ ልጃቸው ይህን ሲሰማ "መኪና ካለው ይሽጣት" ብሎ ነበር አሉ።) የስፌት መኪናውን ሸጦ ይክፈል ማለትስ ምን ማለት ነው? ሰውየው የሚበላበትን እጅ ቆርጦ ይስጠን እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ይሳሳታልና። የኪራዩ ቀን ሲደርስ 3,000 ብሩ በተከራዩ ላይ ዕዳ ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ "ስላዘገየህ 500 ጨምር" ሲባል ያ 500 ብር የምን ዋጋ ነው? የቤት ዋጋ አይደለም፤ የቤቱ ዋጋ ተቆርጧልና። የጊዜ ዋጋ ነው። በጃሂሊያ ዘመን ዕዳ ሲደርስ ባለዕዳውን "ወይ ክፈል፣ ወይ ጨምር" ይሉት የነበረው ይኸው ነው፤ ይህ ሪባ ነው። ውሉ ላይ ቢጻፍና ሁለቱም ቢፈርሙበት ሐላል አይሆንም። ባለቤቲቱ ድሃ መሆናቸውም አይለውጠውም። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ውሉ አልቆ አዲስ ውል ሲዋዋሉ ለሚመጣው ጊዜ ኪራዩን መጨመር፣ ተከራዩ ከተስማማና የአገሩ ሕግ ከፈቀደው መጠን ካላለፈ፣ ገና ላልተጠቀመበት ነገር የሚከፈል ዋጋ ነውና ሪባ አይባልም። ያለፈውና የሚመጣው አይቀላቀሉ።

መብራት መቁረጥም እንዲሁ ነው። ሰውየው የተከራየው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን መብራቱንና ውኃውንም ጭምር ነው። ውሉ ሳይፈርስ ይህን መከልከል ከውል ማጉደል ይቆጠራል። ጨለማው ደግሞ የሚያርፈው ዕዳ በሌለባቸው ልጆች ላይ ነው። በሩን ቆልፎ ዕቃውን መያዝም የዳኛን ሥራ በራስ እጅ መውሰድ ነው።

እናቲቱ በጣም የከበዳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። "ታገሺ ከተባልኩ እስከ መቼ ነው? እኔስ በምን ልኑር?" የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በብዙ ደርሶች ላይ ይዘለላል። ዑለሞቹ የነገሩን ልብ የሚያሳርፍ ነው። ጊዜ መስጠት የታዘዘው ለዕዳው ነው። ያለፈውን 9,000 ብር እስኪያገኝ መታገስ አለባቸው፤ ክፍሉን ግን ለዘላለም በነፃ እንዲያኖሩት አልታዘዙም። ውሉ ሲያልቅ አለማደስ፣ ወይም ሕጉ በሚያዘው መንገድ ጊዜ ሰጥተው ቤቱን እንዲለቅላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ዕዳው ግን አብሮት ይሄዳል እንጂ አይቀርም። ይህን ሲሰሙ እናቲቱ እፎይ አሉ፤ የሚገርመው ደግሞ ከዚያ በኋላ ውጣልኝ ማለታቸውን ተዉ።

ዕዳውን መማርስ? ፉቀሃዎች እንዳብራሩት ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት ግዴታ ነው፤ መማር ግን የተወደደ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ይሁንና የተወደደው ከግዴታው በምንዳ ከሚበልጥባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው ብለዋል። በሐዲስ የተነገረን አንድ ነጋዴ አለ፤ ለሰው በዱቤ ይሸጥ ነበር፣ የተቸገረ ሲያይ ደግሞ አላህ እኛንም ይለፈን ይሆናል እያለ ሠራተኞቹን "እለፉት" ይላቸው ነበር። አላህም አለፈው። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ጊዜ በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራዮች ተከራዮችን ከቤት እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ሲከለክል፣ ከዚያም አልፈው የወር ኪራይ የማሩ አከራዮች እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። አቅም ያለው ይህን ቢያደርግ ለራሱ ነው። አቅም የሌላት ባልቴት ግን መጀመሪያ የቤተሰቧ ቀለብ አለባት፤ ካልማረች ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

"ያለፈውን ኪራይ ዘካዬ ነው ብዬ ልተወው?" የሚሉም ብዙ አከራዮች አሉ። አብዛኞቹ ዑለሞች ይህ ዘካን አያወጣም ይላሉ፤ ዘካ ለተቸገረው ሰው በእጁ የሚሰጥ ነውና፣ ደግሞም ተስፋ የተቆረጠበትን ገንዘብ በዘካ ስም ማስላት ራስን መጥቀም ይሆናል። ዘካውን ለዚያው ተከራይ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መስጠት ግን ይቻላል። እሱ ከወደደ ከተቀበለው ላይ ዕዳውን ይከፍላል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ ባለዕዳዎች መሆናቸውንም የየመስጂዱ ጀማዓ ሊያስታውስ ይገባል።

እናንተ ተከራዮችም ስሙን፤ እኛም ከእናንተው ነን። ቀኑ ከማለፉ በፊት ተናገሩ። አከራይን የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ብሩ ሳይሆን ድብብቆሹ ነው። ሌሊት ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ በጫፍ እግር መግባት፣ ፈጅር ሳይሰገድ መውጣት፣ ስልክ ሲጠራ አለማንሳት ይቅር። ሙሉውን ባታገኙ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ዕቁብ ውስጥ ያላችሁም አስቡበት። ዕጣው የወጣለት ሰው ዕቁቡ ዕዳው ነው፣ መክፈል አለበት። ገና ያልወጣለት ግን ለዕቁብ እየጣለ ለኪራይ "የለኝም" ቢል ቃሉ ልክ አይሆንም። ዕቃውን በሌሊት ጭኖ የሚጠፋው ደግሞ ይህን ያስታውስ፦ የሞተ ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ እንዳለበት ጠይቀው፣ መኖሩንና የሚከፈልበት ነገር አለመኖሩን ሲያውቁ ሶሐባዎች እንዲሰግዱበት ነግረው እርሳቸው ቆሙ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ሲል ነው የሰገዱበት። ዕዳው ደግሞ ጥቂት ዲናሮች ብቻ ነበር።

ስለ ጽሑፍም ሳንናገር አናልፍም። የእናቲቱና የልብስ ሰፊው ውል የቃል ብቻ ነበር። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር በስፋት ተነግሮናል፤ እኛ ግን "በመተማመን" እያልን እንተወዋለን። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ደንግጓል። ተከፍሏል አልተከፈለም የሚለው ጭቅጭቅ ግማሹ በዚህ ብቻ ይቀራል።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ለምትጠይቁን፣ እናቲቱ ከመስጂዳቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጠርተው ልብስ ሰፊውን ቡና ላይ አስቀመጡት። የአንዱን ወር ግማሽ፣ 1,500 ብር ማሩት። ቀሪውን 7,500 ብር ጀርባው ሻል ሲለው ከኪራዩ ጋር በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ሊከፍል ተስማማ። እሱም ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልስፋና ከዕዳው ይታሰብልኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን የፈቀዱት ዋጋው በገበያ ዋጋ እንዲሰላ ነው፤ ባለዕዳ ስለሆነ ብቻ በርካሽ እንዳያሠሩት። ወረቀቱን የጻፈው መብራት እንቁረጥ ያለው ልጅ ሲሆን ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈርመውበታል። ዩኒፎርሞቹ ባለፈው ሳምንት ደርሰዋል፤ አንዱ ሱሪ ግን አጥሮ ለማስተካከያ ተመልሷል ብለውናል።

በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ስለ ዋስትና የላካችሁልንን ጥያቄዎች ይዘን እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።