ከግጦሹ የወጣው ፍግ ወዴት ይሄዳል?



በበዓል ቀን ስለ እበትና ስለ በጠጥ ማውራት ደስ አይል ይሆናል። የማዳበሪያ ዋጋ ግን በመንዝም፣ በጊሼም፣ በመርሐቤቴም ደጃችን ላይ የቆመ ጉዳይ ነውና ታገሡኝ።

በጋችን ቀን ሜዳ ይውላል፣ ማታ ጉረኖ ይገባል። ከበላው ሣር ናይትሮጅን ውስጥ ሰውነቱ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው በበጠጥና በሽንት ይወጣል። ፎስፎረሱ በበጠጡ፣ ፖታሲየሙ በብዛት በሽንቱ ነው። ቀን የጣለው ለሜዳው ይሆናል። ሌሊት የጣለው ግን ጉረኖ ይቀርና እንደ ላሟ ኩበት ደርቆ ምድጃ ይገባል። ያኔ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፎረስና ፖታሲየም የያዘውን አመድ ደግሞ ደጅ እንደፋዋለን። ሜዳው በየቀኑ ይሰጣል፣ የሚመልስለት የለም።

እስቲ በግምት እናስላው። አንድ የደረሰ በግ በቀን 300 ግራም ያህል ደረቅ በጠጥ ቢጥልና ግማሹ ሌሊት ቢሆን፣ 20 በጎች በዓመት 11 ኩንታል ገደማ ጉረኖ ውስጥ ይተዋሉ። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን የአንድ ኩንታል ዩሪያን ሲሶ ያህል ነው። ሽንቱን አልቆጠርንም።

«ኩበት አታንድዱ» ልል አልመጣሁም። በደጋው የሐምሌ ብርድ ያለ እሳት የሚያድር የለም፤ ኩበት ሸጣ ጨው የምትገዛ እናትም አለች። እናቶችን ያላማከረ የፍግ ዕቅድ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው። የማገዶ ዛፍና ቆጣቢ ምድጃ ይቅደሙ። እስከዚያው የላሟ ለማገዶ ይሁን፣ የበጉ ለመሬት ይለቀቅ። ከብት የተወው ገለባ ጉረኖ ውስጥ ቢጎዘጎዝ ሽንቱን ይይዛል። ክምሩ ከፀሐይና ከዝናብ ይሸፈን፤ አመዱም ማሳ ይግባ።

ሜዳውስ? አንዳንዶች በጉን ሌሊት ሜዳ ላይ ማሳደር ይበጃል ይላሉ። ጅቡና ውርጩ ከፈቀዱ! ለእኛ የሚቀርበው የጓሳው ልምድ ነው። አባቶች በቄሮ ሥርዓት ጓሳን እስከ 3 እና 5 ዓመት እየዘጉ ያሳርፉት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ ጓሳን መልሶ በራሱ ደንብ ይጠብቃል። የወል ግጦሻችንም ተከፋፍሎ በተራ ቢዘጋ፣ በጠጡ ፈራርሶ ከሣሩ ሥር ለመድረስ ጊዜ ያገኛል፤ መንጋውም ቦታ ስለሚቀያይር ፍጉ ውኃ ዳር ብቻ አይከማችም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ጥቂት ፈቃደኛ አባላት ይምረጥ። በሚመጣው ክረምት ከገብስ ማሳቸው ግማሹን በበግ ፍግ፣ ግማሹን ያለ ፍግ ይዝሩና ምርቱን ለየብቻ መዝነው ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ያቅርቡልን።