ሳንሱር ቀረ ብለን እኛው ሳንሱር ሆንን

(መሐል ሜዳ ላይ ግጥም ለሚጽፉ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



መጽሔት ልትጀምሩ እንደሆነ ነግራችሁኛል። ደግ ነው። ግን «ግጥም እንዴት ይመረጣል?» ብላችሁ ስትጠሩኝ መልሱን የያዝኩ መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። እኔ ይዤ የመጣሁት ጥፋቴን ነው።

በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የፕሬስ አዋጁ፣ ቁጥር 34/1985፣ ወጣና ሳንሱር ቀረ ተባለ። ጋዜጣውና መጽሔቱ እንደ አደይ አበባ ፈላ። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ ስሟን ዛሬ በማልጠራት፣ ብዙም ሳትቆይ በሞተች አንዲት መጽሔት ላይ የግጥም ዓምድ አዘጋጅ ሆንኩ። ግጥም በፖስታ ሣጥን ይጎርፍልን ጀመር፤ ከዓለም ከተማ፣ ከራቤል፣ ከሞላሌ ሳይቀር። ነሐሴ ሲገባማ የእንቁጣጣሹ አይጣል ነው!

እውነቱን ላውጣው። ብዙው ግጥም የተመረጠው በቁመቱ ነበር። ማስታወቂያ ሲቀርብን ክፍቱን የሚሞላ አሥራ ሁለት መስመር ይፈለጋል። ግጥሙ አሥራ አራት ከሆነ ሁለቱ ይቆረጣሉ። የሚቆረጡት ደግሞ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ገጣሚው ሌሊቱን ሙሉ ሲደርስባቸው ያደረው። ሌላው መንግሥትን ስለሰደበ ብቻ ይገባል። ቤት መታ አልመታ ማን አይቶት! አንባቢ ያጨበጭባል፣ እኛም ጀግና እንባላለን። ስለ ነጻ ፕሬስ ስጮህ የኖርኩ ሰው ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው።

አንድ ቀን ከዚሁ ከመንዝ አንድ ልጅ ግጥም ላከ። በወል ቤት የተጻፈ ነው፤ ማለትም መስመሩ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚከፈል። (የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። ብዙ አዘጋጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል።) አንዱ ስንኝ እንዲህ ይላል፦

ጓሳው ቢታጨድም ሥሩ አይታጨድም

እኔ ከተሜው «ጓሳ ምንድነው? አንባቢ አይገባውም» አልኩና «ሣሩ ቢታጨድም» ብዬ አረምኩት። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስድስት። ልኩን አልሳተም። በእጄ ሙያ ኮርቼ ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁት።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። «ጋሼ፣ ያተሙት የኔን ግጥም አይደለም። ሣር በየዓመቱ ይታጨዳል። ጓሳ ግን እንዲያ አልነበረም ብሎ አባቴ ነግሮኛል» ይላል። እናንተ የጓሳ ልጆች ታውቁታላችሁ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በቀሮ ሥርዓት ሜዳው ለሦስት ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሽማግሌ ቀን ቆርጦ ሳይከፍተው ማጭድ አይነካውም። ሲደርስ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል። ልጁ በአንዲት ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ ነበር። እኔ ሣር አደረግሁበት። ቤቱ አልተሰበረም፤ ግጥሙ ግን ሞተ። ሳንሱር የሚባለው ሰው እኮ ቢያንስ ጠላትህ መሆኑን ታውቃለህ። እኔ ወዳጅ ነኝ ባይ ነበርኩ።

እስቲ የቅኔ ቤቱን እዩ። ተማሪው ቀን የቆጠረውን ቅኔ በነገራ ሰዓት መምህሩ ፊት ያቀርባል። ጉባኤ ቃና ይሁን መወድስ፣ መምህሩ ይሰማና እዚያው «ይህ አይሄድም» ይለዋል። ያስደነግጣል፤ ተማሪው ግን ምክንያቱን ይዞ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ያለው ዝምታ ነው። ግጥም ተልኮ ወር፣ ዓመት ይሞላዋል፤ «ደርሶናል» የሚል እንኳ የለም። አሁንማ በቴሌግራም ይላካል፤ ማንበቡ ይታያል፣ መልሱ አይመጣም። ይሄ ከፖስታውም ይብሳል።

ስለዚህ መጽሔታችሁን ስትጀምሩ ስሙን ሸፍናችሁ አንብቡ፤ የጓደኛ ግጥም ሁልጊዜ ያምራል። አንዳችሁ ድምፁን አውጥቶ ያንብበው፣ ሌላው ወረቀቱን ሳያይ ይስማው። የማትወዱት ስንኝ ካለ ለባለቤቱ ጻፉለት፤ እሱ ይቀይረው ወይም እምቢ ይበል። እምቢ ካለ ሙሉውን መተው እንጂ ግማሹን መቁረጥ የለም። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ደግሞ አዛውንት ጠይቁ፤ እዚህ አገር አዛውንት ሞልቷል።

እኛ በሚቀጥለው እትም ማረሚያ አወጣን፤ ከገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሁለት መስመር። ልጁ ሌላ ግጥም አልላከልንም።

በሉ እንግዲህ፣ ያመጣችኋቸውን አውጡና እንስማ። ስማችሁን አትንገሩኝ።