የጉዞ ፎቶግራፍና የማቀናበሪያ ሶፍትዌር ምርጫ፤ ከወልድያ እስከ መርሳ



ከወልድያ ተነሥተን በደሴ መንገድ መርሳ ስንደርስ ብዙዎቻችን ስልካችንን እናወጣለን። ብርቱካንና ማንጎ የደረደሩትን ሻጮች፣ ከበስተጀርባቸው ያሉትን የሀብሩ ተራሮች እናነሣለን። ማታ ፎቶው በቴሌግራም ለወዳጅ ይደርሳል። በመካከሉ ግን አንድ ሥራ ይሠራል፤ ፎቶው ይቀናበራል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ሥራ ነው።

ለወሎ ሰው ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸው «የማይታወቀው ረሃብ» በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በ1967 ዓ.ም. የዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ያንን ፊልም እንደገና አስቀናብሮ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ የሚበሉ ውሾች ገብተው ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር፤ አዲሱ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ይህን የምለው ረሃቡን የደበቀውን መንግሥት ለመከላከል አይደለም። መቀሱን የያዘው እጅ አንዲት ሐሰተኛ ምስል ሳይጨምር የፈለገውን ማናገር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ሞሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም የቀረጸው ምስል ዓለምን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ወሎ በብዙ ሰው ዓይን አቧራ ብቻ ናት። ተማሪዎቼ የሀብሩን ኮረብታ ከልክ በላይ አረንጓዴ ሲያደርጉት ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም በበጋ የተነሣን ደረቅ ማሳ በቀለም ማልማት ያው የመቀሱ ሥራ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

«የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ተብዬ ስጠየቅ አስቀድሜ የምመለከተው ዋናውን ፋይል ሳይነካ ማቆየቱን ነው። ላይትሩምና ዳርክቴብል ለውጡን ለብቻው ይመዘግባሉ፤ የካሜራው ፋይል እንደነበረ ይቀራል። በጊምፕ ግን በዋናው ፋይል ላይ ደርባችሁ ብታስቀምጡ የቀደመው ይጠፋል፤ አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። ላይትሩም በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስለሆነ በፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ቅጂ የሚጭን ብዙ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚመጣውን ቫይረስም አብሮ ይጭናል። ዳርክቴብልና ጊምፕ በነፃ የሚገኙ፣ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው። ዳርክቴብል ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ አልሸነግላችሁም። በስልክ ብቻ ለሚሠራ ስናፕሲድ ይበቃዋል።

ስለ ማጋራት አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት ምስሉን ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ጥራቱ ሳይቀንስ ያደርሰዋል። ችግሩ፣ የስልኩ ካሜራ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ ፎቶው የተነሣበት ሥፍራና ሰዓትም በፋይሉ ውስጥ አብሮ መሄዱ ነው። ጦርነት ባለፈበት አገር የአንዲት ሻጭ መልክና የተቀመጠችበት ሥፍራ በማያውቁት ሰው እጅ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። የቦታ መመዝገቢያውን አጥፉ፤ ከማንሣታችሁ በፊትም «እናቴ፣ ላንሣዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁለት ፋይል ይዛችሁ ኑ፤ አንዱ ያልተነካው፣ ሁለተኛው ያቀናበራችሁት ይሁን። የለወጣችሁትን ነገር በሙሉ በወረቀት ጻፉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያመጣ ሰው ያን ቀን ተመልካች ይሆናል።