ተግሣጽ፤ ትርጓሜውና አመጣጡ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከመካከላችን አንዱ ግጥም ወይም ድርሰት ባነበበ ቍጥር ከኋላ ወንበር «ተግሣጽ በዛበት!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቃሉ ስድብ ሆኗል። ስለዚህ ከመሳደባችን በፊት ከየት እንደ መጣ ልንመረምር አሰብን።

ተግሣጽ የግዕዝ ቃል ነው። ገሠጸ የተባለው ግሥ መቈጣትን ብቻ ሳይሆን ማስተማርንና ማረምንም ይይዛል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሰሎሞን ምሳሌ ከሁለት ተከፍሎ ከምዕራፍ 25 እስከ 31 ያለው መጽሐፈ ተግሣጽ ይባላል። ተርጓሚዎቹ ቃሉን ያቆሙት በግሪኩ ፓይዴያ ፈንታ ነው። ፓይዴያ «ልጅ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ልጅን አሳድጎና አስተምሮ ለሰው ወግ ማብቃት ማለት ነበር። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ሲመለስ ግን በዕብራይስጡ ሙሳር ቦታ ስለ ገባ፥ በቅጣት ማረም የሚለው ትርጕም ተጨመረበት። እንግዲህ መጽሐፉና በትሩ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው መኖር የጀመሩት ከጥንት ነው። በዛሬው አማርኛችን ግን መጽሐፉ ወድቆ በትሩ ቀረ፤ «ተገሠጸ» ስንል ተማረ ማለታችን አይደለም።

በአውሮፓ ዲዳክቲክ የተባለው ቃልም ዕድሉ ይህንኑ ይመስላል። በግሪክ ዲዳክቲኮስ ማለት ለማስተማር የሚበቃ ማለት ነበር፤ ለጢሞቴዎስ በተጻፈው አንደኛ መልእክትም ለኤጲስ ቆጶስ ከሚያስፈልጉት ጠባዮች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። የእኛ ዲድስቅልያም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ዛሬ ግን ሐያሲ ቃሉን ሲያነሣ ብዙ ጊዜ ደራሲው ሰብኮ አሰለቸን ማለቱ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማስተማር ነውን? አይመስለንም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ተማሪውም ሌላ ይዞ ይመለሳል። በዚያ ተግሣጽ ውስጥ መልስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ ብዙ ይገሥጻል፤ ነገር ግን የሚገሥጸው የገዛ ወገኖቹን ባላባቶች ነው፤ እብድ እየተባለም ዋጋውን ራሱ ይከፍላል። የሚያሰለቸው ተናጋሪው ከላይ ተቀምጦ፥ ምንም ሳይከፍል፥ ለሰሚው መልስ ሳይተው ሲናገር ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን፥ ስትገሥጹን ጥያቄያችንንም ጠብቁ እንላለን። ይህን ስንል ግን ራሳችንን አንረሳም። እኛም በዚህ ጋዜጣ ገበሬውን ስለ ልማዱ፥ ነጋዴውን ስለ ትርፉ ስንገሥጽ ከርመናል፤ መልሱን የሚያሰማበት አንድ ገጽ ግን አልተውንለትም። በትሩን ከሌላው እጅ ነጥቀን በእኛ እጅ ብናደርገው ትምህርት አይሆንም።

ይህም ንግግር ተግሣጽ በዛበት የምትሉ ካላችሁ፥ መድረኩ ክፍት ነው፤ ተነሡና መልሱልን።