«ለቦዲቲ ማን ይዝፈንላት?»

(ቦዲቲ ውስጥ ሙዚቃ ለሚሞክሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ካደረግሁት ንግግር የተገለበጠ)



ጋባዦቼ «ስለ ድሮው ራፕ ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ የሳቅሁት በራሴ ነው። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ቦዲቲ ላይ ቆሞ ስለ ራፕ ሲሰብክ ያየ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር ለየላቸው!» ብሎ ወሬውን ገበያ ለገበያ እንደሚያዞረው አላጣሁትም። ያዙረው! የምናገረው ስላለኝ መጥቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ካሴት ነው። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። ከሻሸመኔ ተነስተው በአላባ በኩል ወደ ሶዶ የሚያልፉት አይሱዙዎች እዚህ ቆመው ሻይ ሳይጠጡ አይሄዱም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ የአንዱ ረዳት ነበርና አንድ ቀን ሻሸመኔ ላይ ያስቀዳውን ካሴት ይዞልን መጣ። ላዩ ላይ በስክሪፕቶ «ቱባክ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቱፓክ ማለቱ ነው። ቱፓክ ሻኩር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1996 ላስ ቬጋስ ውስጥ በጥይት ተመቶ ከሞተ ወራት ተቆጥረዋል፤ ቦዲቲ ግን መርዶው አልደረሰም። እኛ በሕይወት ያለ መስሎን «ይኼ ልጅ አንድ ቀን አዲስ አበባ ይመጣል፣ አይመጣም» እያልን እንከራከር ነበር። አይ ጊዜ!

ቴፓችን አራት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ሲብስበት በጥርስ እንነክሰዋለን። ካሴቱን በማሽኑ ወደኋላ መመለስ ባትሪ ይጨርሳል ተብሎ በስክሪፕቶ ነበር የምናጠነጥነው። ስልካችሁን በጣት እየነካችሁ ከዘፈን ዘፈን የምትዘሉ ልጆች ይህን ስትሰሙ ተረት ሊመስላችሁ ይችላል።

እንግሊዝኛችን ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳው አያልፍም። ምቱን ወደድነው፣ ድምፁን ወደድነው፣ ጨፈርንበት። አንደኛው ጓደኛችን ግን ነገር የማያሳልፍ ልጅ ነበር። የአጎቱን ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዞ አንዱን ዘፈን እያስቆመ፣ እየመለሰ፣ ቃል በቃል ሲፈታ ሦስት ሳምንት ፈጀ። (የባትሪውን ወጪ እግዜር ይየው!) ሲጨርስ ሰበሰበንና አነበበልን። ስለ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ያረገዘችው ከገዛ ዘመዷ ነው፤ ወለደች፤ ሕፃኑን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ለካስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጨፍር የከረምነው ለቅሶ ላይ ኖሯል!

በኋላ እንዳነበብኩት ቱፓክ «ብሬንዳስ ጋት ኤ ቤቢ» የተባለውን ይህን ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ጋዜጣ ላይ ካነበበው እውነተኛ ታሪክ ተነስቶ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ከጋዜጣ! በማግሥቱ ስኳር ሊጠቀለልባት የምትችል አንዲት ወሬ ናት። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ አነበባትና ዝም ማለት አቃተው።

ጓደኛችን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ የጠየቀን ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እኛ ዘንድስ ብሬንዳ የለችም?» አለ።

ነበረች እንጂ! ዛሬም አለች። ከየቀበሌያችን ለሠራተኝነት አዲስ አበባ የተላከችውን ሕፃን ቁጠሩ። የሊስትሮ ሣጥን ተሸክሞ የሄደውን፣ ሎተሪ የሚያዞረውን ቁጠሩ። አዲስ አበቤው ጫማ የሚጠርግለትን ልጅ ከየት መጣህ ሳይለው «ወላይታ ነህ አይደል?» ይለዋል። ልጁ ስም አለው፣ እናት አለችው፣ ያቋረጠው ክፍል አለ። ለእሱ ማን ዘፈነለት? ለሠርግ የሚሆን ዘፈን ሞልቶናል፣ ለበዓል የሚሆን ሞልቶናል።

አባቶች፣ «ይኼ የፈረንጅ ልፍለፋ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አነባለሁ። ቆይ ላስታውሳችሁ። አለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ብሎ ያጨበጨበለት የእናንተ ትውልድ ነው። በዚያ ወኔው ነው «ተማር ልጄ» ያላችሁ። እንግዲህ የዚያው የጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» የተባለው የ1970 ሸክላ ላይ ያለው የከበሮ ምት ነው በኋላ ስንቱን የራፕ ዘፈን የተሸከመው። ጥላሁን ገሠሠስ ለወሎ ረሃብተኞች «ዋይ ዋይ ሲሉ» ብሎ ሲዘፍን ምን ማድረጉ ነበር? ዘፋኝ የወገኑን መከራ መናገሩ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። እንዲያውም ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ባወጡት አልበም የከፈቱት የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ወስደው ነው። ብድሩ እየተመላለሰ ነው ያለው።

ደግሞስ ራፕ ከየት ተነሣ? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ልብስ መግዣ ብትፈልግ በሚኖሩበት ሕንፃ ጭፈራ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሸክላውን ያጫወተው ወንድሟ ነው፤ ኩል ኸርክ ይሉታል። ቤተሰቡ ከጃማይካ የመጣ ስደተኛ ነው። ይኼው ነው! የመስከረም ወጪ ያስጨነቃት የቦዲቲ እናት ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ትረዳዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ አገራችን እመለሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 «ዘ ሜሴጅ» የሚባል ዘፈን ወጣ። ስለ ድህነት፣ ሰው ሊኖርበት ስለማይገባው ሰፈር ነው። ዘፈኑ የወጣበት ቡድን፣ ግራንድማስተር ፍላሽና ጓደኞቹ፣ መጀመሪያ አልፈለጉትም ነበር። ሰው የሚጨፍረው ችግሩን ሊረሳ ነው፣ ችግሩን በገንዘቡ ማን ይገዛል የሚል ነበር ክርክራቸው። የአሳታሚው ድርጅት ባለቤት ሲልቪያ ሮቢንሰን ናት ገፍታ ያስቀረጸችው። ከቡድኑ አባላት ግጥሙን በራፕ ያለው ሜሊ ሜል ብቻ ነው። ዛሬ ያ ቡድን ከሁሉ በላይ የሚታወሰው በምኑ ይመስላችኋል? ባልፈለጉት ዘፈን! ይህን ያነሣሁት እኛም አገር በዓል ሲዘጋጅ «ሕዝቡን አታስጨንቁ፣ ሞቅ ያለ ነገር አምጡ» የሚሉ አዘጋጆች ስላሉ ነው። ማንን እንደምል የምታውቁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደዚያ ጓደኛዬ ልመለስ። የመጣሁት በእርግጥም ለእሱ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አንድ ላይ ፈጭቶ «ወጋጎዳ» የሚል የመማሪያ መጽሐፍ መጣ። የማንም እናት ልጇን አባብላበት የማታውቅ ቋንቋ! ቢሮ ውስጥ ተቦክቶ፣ ቢሮ ውስጥ ተጋግሮ «ብሉ» ተባልን። ሕዝቡ አልበላም አለ። ሶዶ ላይ መጽሐፉ ተቃጠለ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ይህን በዕድሜ የደረሳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁ ግን ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ።

በዚያ ሰሞን ያ ጓደኛዬ በወላይትኛ ገጠመ። ያለ መዝገበ ቃላት! አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸው አዲሱን መጽሐፍ ሲያነብላቸው ሰምተው «ይኼ የማን ልጅ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ «የአንቺ ነኝ» ቢላቸውም አያምኑትም። ነገሩ ይኼው ነው፤ ግን በምት ሲባል ሌላ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ስለሌለን እኔ ቢጫ ጀሪካን እመታለሁ፣ እሱ ይላል። አንድ ቅዳሜ ከሃያ በማይበልጥ ሰው ፊት አቀረብነው። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ተጠራ። ማን ጠራው፣ የት ጠራው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሁለት ሌሊት አድሮ ተመለሰ፤ አልመቱትም፣ በቃል ብቻ ነው ያስፈራሩት። ቤቱ ሲደርስ እናቱ ምድጃ ሥር ተቀምጠው ቆጮ ይጋግራሉ። እሳቱን የለኮሱት በግጥም ደብተሩ ነው። «በአንተ ጽሑፍ ነው የበሰለው፣ ብላ!» አሉት። በላ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ስንኝ አልጻፈም። ዛሬ ሌላ ከተማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ ስንገናኝ ግጥሙን ባነሣበት «የትኛው ግጥም?» ይለኛል።

እናቱን አልወቅስም። እኔም እናት ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ጀሪካኑን የመታሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ አልተጠራሁም። «ማን ነበር አብሮህ?» ሲሉት ስሜን አልሰጠም። እኔም «አብሬው ነበርኩ» ብዬ አልሄድኩም። ሁለቱን ሌሊት አጎቴ ቤት ተደብቄ ነው ያሳለፍኩት። በኋላ መምህር ሆንኩ፣ ደመወዝ በላሁ፣ ለተማሪዎቼ ስለ ድሮ ዘፈን «የእኛ ዘመን እኮ!» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ኖርኩ። የእኛ ዘመን ምን? በዚያው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ ሴት የሚሰድብ፣ ሽጉጥ የሚያሞግስ ዘፈንም ነበረበት። እሱን ማንም መዝገበ ቃላት ይዞ አልፈታውም። ናፍቆት እንዲህ ነው፣ የወደደውን ገጽ ብቻ ያጫውታል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ1997 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» ሲወጣ የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጆሮ ዳባ ቢለውም በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ሰው ሰማው። አሁን ደግሞ ስልክ በየሰው እጅ ነው፤ ጣቢያ ተቆጣጣሪ አያሻግርም ብሎ ሰበብ ማድረግ ቀርቷል። ታዲያ ስለዚህች ከተማ የተዘፈነውን አምጡልኝ! በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ታስረው ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ሶዶ ላይ፣ እዚሁ ቦዲቲም ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ሕዝበ ውሳኔ መጣ፣ አዲስ ክልል መጣ፣ የምረቃ ሪባን ተቆረጠ፣ ለሪባኑም ተዘፈነ። ለሞቱት ግን አንድም ዘፈን ጆሮዬ አልገባም።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ማለቴ ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ (ስሙን አልጠራም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ አለ) ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። በወላይትኛ የገጠመውን፣ በስልኩ የቀረጸውን አሰማኝ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ለአንድ በዓል መድረክ አቅርቦት «ይኼ ይቅርብህ፣ ሌላ የለህም?» ተብሏል። «ቲቸር፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እመልስለት እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ አልመለስኩም። «እናትህ ሰምታዋለች?» አልኩት። አልሰማችም። «እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ አሰማ» አልኩት።

ትናንት ማታ አሰምቷታል። ምን አለችህ ብዬ ዛሬ ጠዋት ስጠይቀው፣ «ሁለቴ አስደገመችኝ፤ ከዚያ ‹ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ቃል የመጽሐፍ ቃል ነው፤ እኛ ለቅሶ ላይ እንዲህ አንልም› ብላ አረመችኝ» አለኝ። ቃሉን ቀይሮታል። እናቱ ያችትና፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷ ራሷ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። ልጁ ዛሬ በስልክ የቀረጸውን አያጫውትም፣ እዚሁ ቆሞ ራሱ ይለዋል። ምት የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ከቤት ስወጣ ጎረቤቶቼ «ቲቸር፣ ውኃ ጠፋ እንዴ?» ሲሉኝ ነበር፤ ቢጫውን ጀሪካን ይዤ መጥቻለሁ። የምመታውም እኔ ነኝ።