ከግፋታ ሜዳ እስከ ድምፅ ማጉያ



በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በወላይታ ሶዶ የተወለደ አንድ የሙዚቃ ወዳጅ በሐሳብ ይታይ። ይህ ሰው በዕድሜው የሰማው የመጀመሪያ ዝግጅት መግቢያ ዋጋም መድረክም አልነበረው። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ሕዝቡ የዘመን መለወጫውን ግፋታን ሲያከብር፣ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ «ሀያያ ሌኬ» ሲባል ሰማ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በዚያ ሜዳ አድማጭ የሚባል ወገን የለም፤ ዳር የቆመው እንኳ ያጨበጭባል።

በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ሲቋቋም ልጁ ጎረመሰ። ያን ጊዜ ዘፋኙ ከመሬት ከፍ አለ፤ ሕዝቡም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ መለሰ። ግጥሙ ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ትእዛዝ ይሸት ነበር፤ ይሁን እንጂ ብዙ ወጣት በማይክሮፎን ፊት መቆምን የተማረው በዚያ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ጠበቀው። ጣሪያና ግድግዳ ራሳቸው የሙዚቃ መሣሪያ መሆናቸውን የተረዳው በዚያ አዳራሽ ነው። መሐሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ መድረክን ሲሰናበት የዚህ ትውልድ አድማጭ ጸጉሩ ሸብቶ ነበር።

ሰውየው ወደ ሶዶ ተመልሶ በበዓል ሜዳ ቢቆም ግን ምን ይሰማል? ነገሩ ለሙያችን የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከማጉያው 50 ሜትር ርቆ የቆመ ግድግዳ ድምፁን የሚመልሰው ከሴኮንድ ሲሶ ጥቂት ባነሰ ጊዜ ነው። በየግማሽ ሴኮንዱ በሚመታ ዘፈን የተመለሰው ድምፅ በሁለት ምት መካከል ይወድቃል፤ ጭብጨባውም ይዛነፋል። አውጪው በማጉያ ሲዘፍን ተቀባዩ የራሱን ድምፅ መስማት ይሳነዋል፤ ራሱን ያልሰማ ሰው ደግሞ መቀበሉን ይተዋል። እንዲህ እያለ የሌኬው ክብ ተመልካች ይሆናል።

ጥፋቱ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ የአቀማመጥ ነው። ጥፋቱ የሚበዛው አንድ ትልቅ ማጉያ በአንድ ጫፍ ተተክሎ የመጨረሻውን ሰው እንዲደርስ ሲጮህ ነው፤ በዚያን ጊዜ የፊተኛው ሰው ይደነቁራል። በምትኩ ትናንሾች በየርቀቱ ተተክለው የእያንዳንዱ ድምፅ እንደ ርቀቱ ቢዘገይ ሁሉም በአንድ ምት ይሰማሉ። ለንግግርና ለማስታወቂያ ይህ ይበቃል። ክቡ በሚዞርበት በኩል ግን አንድም ማጉያ ባይተከል ይሻላል።